የሳንባ ሐኪሙን ጠይቁ፦ ባክቴሪያና የማይለቅ የሳንባ በሽታ

ሰላም ጀማው፣ እንደምን አመሻችሁ። ደሴ ያላችሁም፣ ወልድያም፣ አረብ አገር ያላችሁም። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ባክቴሪያና ስለማይለቅ የሳንባ በሽታ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ሥራዬ ሳንባ ማከም ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ያላየሁትን በሽተኛ መድኃኒት አላዝለትም። መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ያላችሁ ደግሞ ዛሬ አውጥታችሁ እንዳትውጡ። ይህን ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰሙኛላችሁ።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ዶክተር፣ ሳንባን የሚያበላሸው ባክቴሪያ ነው ወይስ የተበላሸ ሳንባ ነው ባክቴሪያ የሚያስተናግደው?

መልስ፦ ሁለቱም። ዛሬ ሌላ ጥያቄ ባይመጣ ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

የአየር ቧንቧችን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ። ቀን ከሌት አክታን ከነቆሻሻው ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። እኛ ሳናውቀው እንውጠዋለን። ሲጋራ፣ የምድጃ ጭስ፣ ቲቢ ወይም በልጅነት የያዘ ከባድ የሳንባ ምች እነዚህን ፀጉሮች ያበላሻቸዋል። ያኔ አክታው ባለበት ይቀራል። ባክቴሪያ ደግሞ የሚፈልገው የቆመ አክታ ነው።

ባክቴሪያው ሲሰፍር ነጭ የደም ሴሎች ሊዋጉት ይመጣሉ። ሲዋጉ የሚለቁት ኬሚካል ባክቴሪያውን ብቻ መርጦ አይመታም። የቧንቧውንም ግድግዳ ይበላዋል። ግድግዳው ሲጎዳ ሌላ አክታ ይጠራቀማል፣ ሌላ ባክቴሪያ ይገባል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ለንደን ይሠራ የነበረው ሐኪም ፒተር ኮል በ1980ዎቹ ይህን አዙሪት ገልጾ ጽፎታል። የብሮንካይክታሲስ ሕክምና እስከ ዛሬ የሚመራው በዚህ ሐሳብ ነው። ብሮንካይክታሲስ ማለት የአየር ቧንቧው ሰፍቶና ላልቶ የሚቀርበት በሽታ ነው።

ሲኦፒዲ፣ ማለትም የአየር ቧንቧ ጠቦ የሚቀርበት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት የምናገኛቸው ሦስት ናቸው፦ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ፣ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒያ እና ሞራክሴላ ካታራሊስ። ሳንባው በጣም ሲደክም ሱዶሞናስ ይጨመራል። እሱ ለብዙ መድኃኒት አይበገርም። እኔ በጣም የምፈራው እሱን ነው።

በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ ከተማ የወጣ አንድ ጥናት አለ። የሲኦፒዲ ሕመምተኞችን አክታ በየወሩ እየወሰዱ ለዓመታት ተከታተሉ። ያው ባክቴሪያ ለወራት ሳንባቸው ውስጥ ሆኖ ደህና የሚሰነብቱ ነበሩ። አዲስ ዝርያ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዲስ ዝርያ ከተገኘባቸው የክሊኒክ ጉብኝቶች በ33 በመቶው በሽታው ተባብሶ ነበር። አዲስ ዝርያ ባልተገኘባቸው 15 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «ባክቴሪያ አለብኝ» ማለት ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። የትኛው? ከመቼ ጀምሮ? ምን ለወጠብህ? አክታ ሳይመረመር መድኃኒት አትዋጡ የምለው ለዚህ ነው።

ከወልድያ፦ ጤነኛ ሳንባ ውስጥስ ባክቴሪያ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። እኛ ስንማር ሳንባ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም ይባል ነበር። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የባክቴሪያን ዘረመል በሚያነብ ምርመራ ሲታይ እንደዚያ አልሆነም። አብዛኞቹ ከአፍ የሚወርዱ ናቸው። ተኝተን ትንሽ ምራቅ ወደ ሳንባ ይገባል። ጤነኛ ሳንባ መልሶ ያወጣዋል፣ የታመመው ያስቀረዋል።

ከወልድያ፦ እንግዲያ መፋቂያ ለሳንባም ይጠቅማል ማለት ነው?

መልስ፦ የድድ በሽታና ሲኦፒዲ አብረው እንደሚገኙ ብዙ ጥናት ያሳያል። ጥርስ ማጽዳት ሲኦፒዲን ይከላከላል ብዬ ግን አልምልም። በመፋቂያም በብሩሽም አጽዱ። በተለይ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሽማግሌ ቤት ያላችሁ አፉን አጽዱለት። ለሳንባ ምች ትልቁ መግቢያ እሱ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ሳል አለብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ስንት ቀንህ ነው? ትኩሳት አለህ? አክታስ? ደም አየህ? ከስተሃል? ምንም ሳትነግረኝ ምን ልበልህ? 2 ሳምንት ከሆነህ ጤና ጣቢያ ሄደህ የቲቢ ምርመራ አድርግ።

ከከሚሴ፦ አሰላሙ አለይኩም ዶክተር። እህቴ የቲቢ መድኃኒቷን 6 ወር ሙሉ ሳታቋርጥ ጨርሳለች። ነጻ ነሽ ተብላለች። አሁንም ግን ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጠዋት ጠዋት አክታ አላት። ሳውዲ ልትሄድ ሜዲካል ስትሠራ ደግሞ በራጁ ምክንያት አንፊት፣ ማለትም ብቁ አይደለሽም ተባለች። ቲቢው ተመለሰባት እንዴ? መድኃኒቱን እንደገና ትጀምር ወይ እያልን ነው።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። እባካችሁ እንዳትጀምሩ! ሌሎቻችሁም ይህን አንብቡት። ወሎ ውስጥ ይህ ችግር የሌለበት ሰፈር የለም።

ቲቢ ማለት ባክቴሪያ ነው፣ ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. ያገኘው። መድኃኒቱ ይገድለዋል። የተበላውን ሳንባ ግን አይመልስም። ጎርፍ የቦረቦረው መሬት ዝናቡ ካባራ በኋላም ቦይ ሆኖ እንደሚቀር ማለት ነው። ጠባሳ ይቀራል፣ የሰፋ ቧንቧ ይቀራል፣ አንዳንዴም ጉድጓድ ይቀራል። ከቲቢ የዳነ ሰው ካልታከመበት ጊዜ ይልቅ ደህና ቢሆንም ዕድሜ ልኩን ለማይለቅ የሳንባ በሽታ የተጋለጠ ነው። ሲጋራ በአፉ ነክቶ የማያውቅ ሰው ከቲቢ በኋላ ሲኦፒዲ የሚመስል በሽታ ይዞ ይመጣል። እኛ ሐኪሞች ደግሞ ካርዱ ላይ «ድኗል» ብለን ጽፈን እንሸኘዋለን። ይህ በጣም ያናድደኛል። የሕክምናው ግማሽ እዚያ ላይ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ እህትህ። የደረት ራጅ ጠባሳና በሽታን ሁልጊዜ ለይቶ አያሳይም። የባህረ ሰላጤው አገሮች ጠባሳ ሲያዩ ይመልሳሉ። ያ የእነሱ ሕግ ነው፣ ቲቢ ተመለሰ ማለት አይደለም። ጠባሳው ደግሞ በቲቢ መድኃኒት አይጠፋም። ጠባሳ ላጥፋ ብሎ መድኃኒቱን ዳግም የዋጠ ሰው ጉበቱን ነው የሚጎዳው።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራም ከዚህ በፊት በታከመ ሰው ላይ ሊያሳስት ይችላል። የሚያነበው ዘረመል ነው፣ የሞተ ባክቴሪያም ዘረመል አለው። ከታከመች በኋላ ለዓመታት አለባት ሊል ይችላል። ስለዚህ ካልቸር ያስፈልጋል፣ አክታውን ላቦራቶሪ ውስጥ አቆይቶ ባክቴሪያ ያድግ እንደሆነ ማየት ማለት ነው። ባክቴሪያው በሕይወት ካለ ያድጋል፣ ከሌለ አያድግም። ሳምንታት ይወስዳል፣ ታገሱ።

ቲቢ የለም ከተባለ የትንፋሽ ምርመራ ታድርግ፣ ስፓይሮሜትሪ ይባላል። ቧንቧዋ የጠበበ ከሆነ የሚሳብ መድኃኒት ይረዳታል። አክታዋን በየቀኑ ማውጣት ትልመድ። ተቀምጣ ቀስ ብላ በጥልቀት ትተንፍስ። ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ትያዘው። ከዚያ አፏን ከፍታ መስታወት ላይ እንደሚተነፈሰው «ሃ» ብላ በኃይል ታውጣው። ጥቂት ጊዜ ደጋግማ ትረፍ። ጠዋትና ማታ። መድኃኒት ቤት የማይሸጥ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል እንጂ አዙሪቱን የሚሰብረው አክታውን ማውጣት ነው።

ደም ካሳላት ግን ቤት እንዳትቀመጥ። ቲቢ በተወው ጉድጓድ ውስጥ አስፐርጊለስ የሚባል ፈንገስ ሊያድግ ይችላል፣ ያደማል። ደሙ ብዙ ከሆነ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዳት።

ከወገል ጤና፦ ዶክተር፣ እኛ ጋ እንጨት የለም፣ የምንነደው ኩበት ነው። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ጭስ ላይ ናት። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፣ ግን ሲኦፒዲ ነው ተባለች። ይሆናል እንዴ?

መልስ፦ ይሆናል። ኩበት ሲነድ በጣም ይጨሳል። በር ተዘግቶ፣ ልጅ ታዝሎ፣ እንጀራ እየተጋገረ ለ40 ዓመት የተሳበ ጭስ ቀላል አይደለም። ጭሱ ፀጉሮቹን ከማበላሸቱ በላይ ባክቴሪያ የሚበሉትን የሳንባ ሴሎች ያደነዝዛቸዋል። ባክቴሪያውን እያዩት አይውጡትም። እናትህ በየክረምቱ የሚብስባት በዚህ ነው። ምድጃው ከመኝታ ክፍል ይውጣ፣ ጭስ ማውጫ ይሠራለት፣ ኩበቱም በደንብ ይድረቅ። እሷ ትረፍ፣ ሌላ ሰው ይጋግር። ወንዶች ልጆችም መጋገር ትችላላችሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ኩበት ኩበት ትላላችሁ። እኛ ጋ ችግሩ የፋብሪካ ጭስ ነው።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ ተው እባክህ። የደሴ ሰው የሚያስለው በብርድ ነው። ከጦሳ ተራራ ጉሙ ሲወርድ የማያስል አለ?

ከኮምቦልቻ፦ ብርድ ቢሆንማ እኛ ባልሳልን። እኛ ጋ ሙቀት ነው።

ከወገል ጤና፦ ደሴም ብርድ አለ ብላችሁ! ደላንታ መጥታችሁ ኅዳርን እደሩ።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ እናቴ ጋቢ ካልደረብሽ ሳንባሽን ይመታሻል ትለኝ ነበር። ዶክተር፣ ውሸት ነው?

መልስ፦ ብርድ ባክቴሪያ አይፈጥርም። ቀዝቃዛ አየር ግን አስምና ሲኦፒዲ ያለበትን ሰው ቧንቧ ያጠብባል። በብርድ ጊዜ በር ዘግተን ተጠጋግተን ስንቀመጥ ደግሞ ጉንፋን በቀላሉ ይተላለፋል። ቫይረሱ መንገድ ይጠርጋል፣ ባክቴሪያው ተከትሎ ይገባል። ጋቢሽን ደርቢ፣ መስኮቱንም ክፈቺ። የፋብሪካ ጭስም ይጎዳል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ የምድጃ ጭስ ግን ወደ ሳንባ የሚገባው በብዙ ይበልጣል። የደሴና የኮምቦልቻን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።

ከሸዋበር፦ ለሳል የሚሆን ጥሩ አንቲባዮቲክ የቱ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ከሸዋበር፦ አነበብኩ። ሲፕሮ ይሻላል ብሎኝ ነው አንድ ወዳጄ።

መልስ፦ ወዳጅህን አትስማው። ሲፕሮ የሚገኝበት የመድኃኒት ወገን ቲቢን በከፊል ያደክመዋል። ሰውየው ለሁለት ሳምንት የተሻለው ይመስለዋል፣ የአክታ ምርመራውም ነጻ ይላል። ቲቢው ግን አለ። ከወራት በኋላ ሳንባው ተበልቶ፣ ቤተሰቡንም አስይዞ ይመጣል። ሳል ሁሉ ባክቴሪያ አይደለም፣ አብዛኛው አጣዳፊ ሳል ቫይረስ ነው። አክታ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ስለሆነም ብቻ ባክቴሪያ ነው አይባልም። ቀለሙ የሚመጣው ከነጭ የደም ሴሎች ነው። ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ትንፋሽ ማጠሩ ሲብስ፣ አክታው ሲበዛና ቀለሙ ሲለወጥ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ያኔ ሐኪም አንቲባዮቲክ ያስባል። ሐኪም አልኩ።

ከመቄት፦ እኛ ጥጃና በግ ቤት ውስጥ ነው የምናሳድረው። የከተማ ሰው ባክቴሪያ ነው እያለ ይሰድበናል። ልጆቻችን ግን አስም የለባቸውም። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ይህን ብትጠይቀኝ ብዬ ነበር። አሜሪካ ውስጥ አሚሽና ሁተራይት የሚባሉ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦች አሉ። ዘራቸው ይቀራረባል፣ አኗኗራቸውም። አሚሾች በድሮው ዘዴ በፈረስ ያርሳሉ፣ በረታቸው ከቤታቸው ቅርብ ነው፣ ልጆቹ ከከብት ጋር ይውላሉ። ሁተራይቶች በትልልቅ ማሽን ነው የሚያርሱት፣ ከብቱም ራቅ ይላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የአሚሽ ልጆች አስም ከሁተራይት ልጆች በ4 እጥፍ ያነሰ ነበር። በአሚሽ ቤት አቧራ ውስጥ ከባክቴሪያ ሽፋን የሚመጣ ኢንዶቶክሲን 6.8 እጥፍ ይበልጣል። በሕፃንነት የተለያየ ባክቴሪያ መልመድ የሰውነትን መከላከያ የሚያስተምረው ይመስላል። ስለዚህ ማንም አይስደባችሁ።

ግን ቤታችሁ ውስጥ ምድጃም አለ። ከበረቱ የምታገኙትን ጥቅም ጭሱ ያበላሸዋል። ጥሬ ወተትም አፍሉ፣ የከብት ቲቢ በወተት ይተላለፋል።

ሌላም አለ፣ ስለ እሱ የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው። እርጥብ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ውስጡ ይሞቃል። ያ ሙቀት የሚስማማቸው ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ሻጋታ ያለውን ድርቆሽ ስትበትኑ የሚነሳውን አቧራ የሳበ ሰው ከ4 እስከ 8 ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል። ወባ ነው ወይም ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል። ባክቴሪያው ሳንባ ውስጥ አያድግም፣ የሚያሳምመው የሰውነት ቁጣ ነው። ለዓመታት ሲደጋገም ሳንባው ይጠጥራል። አንቲባዮቲክ ለዚህ ምንም አያደርግም። ድርቆሹን አድርቃችሁ ከምሩ። ስትበትኑ ነፋስ ከጀርባችሁ ይሁን፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ከሐይቅ፦ ፓፉ፣ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ሱስ ያስይዛል ይባላል።

መልስ፦ አያስይዝም። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ከሳብሽ በኋላ አፍሽን ተጉመጥመጪ።

ከባቲ፦ አያቴ ዕጣን ባክቴሪያ ይገድላል ትላለች። ቡና በተፈላ ቁጥር ቤቱ በጭስ ይሞላል።

ከላሊበላ፦ ዕጣንን አትንኩ። ስንት ዘመን የኖርንበት ነው።

ከባቲ፦ ማን ነካው? እኛስ ዱዓ ላይ እናጨስ የለ? እኔ የጠየቅሁት ስለ አስሜ ነው።

ከላሊበላ፦ እሺ፣ ይቅርታ እህቴ። አንቺ ራቅ በይ እንግዲህ።

መልስ፦ ትክክል ብሏል። ዕጣኑን አልከለክልም። አስም ያለበት ሰው ከጭሱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ለከሰሉም በር ይከፈት። ሺሻ የምትጠይቁኝ አትጠይቁኝ፣ ተዉት። ዳማከሴና ጤና አዳም የምትሉም፣ ከመድኃኒታችሁ ጋር እንጂ በመድኃኒታችሁ ፋንታ አይሁን።

ከመርሳ፦ ልጄ ገና 3 ሳምንቱ ነው። ባክቴሪያ በሕፃንነት ከገባ አስም ያመጣል የሚል አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ያነበብሽው በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኮፐንሃገን ጥናት ሳይሆን አይቀርም። እናቶቻቸው አስም ያለባቸውን ሕፃናት በ1 ወራቸው ጉሮሯቸውን መረመሩ። ቅድም ከጠራኋቸው ሦስቱ ባክቴሪያዎች አንዱ የተገኘባቸው 5 ዓመት ሲሞላቸው 33 በመቶው አስም ነበረባቸው፣ ያልተገኘባቸው 10 በመቶ። አብረው ታዩ ማለት ግን አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። መከላከያቸው ከመጀመሪያው ለየት ያለ ሊሆን ይችላል፣ ባክቴሪያውም በዚያ ምክንያት ሰፍሮ ይሆናል። ለሕፃን በከንቱ አንቲባዮቲክ መስጠት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ጡት አጥቢው፣ ከጭስ አርቂው፣ በ6ኛ ሳምንቱ ክትባት ውሰጂው። የኒሞኒያው ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ውስጥ በነጻ ይሰጣል።

ከጅዳ፦ አባቴ መርሳ ነው ያለው፣ ሲኦፒዲ አለበት። እዚህ አንድ ሐኪም ብጠይቀው አዚትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ለዓመት ይውሰድ አለኝ። ገዝቼ ልላክለት?

መልስ፦ ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 1,142 ሰዎች ላይ ተሞክሯል። መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት የወሰዱት በሽታው በዓመት በአማካይ 1.48 ጊዜ ተባባሰባቸው፣ ያልወሰዱት 1.83 ጊዜ። ጥቅም አለው፣ መጠነኛ ነው። አሁንም ለሚያጨስ ሰው ብዙም አልጠቀመም። ጆሮ ይጎዳል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ከመጀመሩ በፊት የልብ ምርመራ ያስፈልጋል፣ በተለይ ደግሞ አክታው ተመርምሮ ቲቢና የቲቢ ዘመድ የሆኑ ባክቴሪያዎች እንደሌሉበት መረጋገጥ አለበት። ያለዚያ ባክቴሪያውን መድኃኒት ማላመድ ነው። አትላክ። በገንዘቡ አባትህን ደሴ አምጣና ይታዩ።

ከኮምቦልቻ፦ ዶክተር፣ ቅድም ሳል ያልኩት እኔ ነኝ። 3 ሳምንቴ ነው፣ ማታ ማታ ያልበኛል። አሞክሳሲሊን ጀምሬ ነበር። አክታ ስጥ ብትሉኝ እንዴት ነው የሚሰጠው? ባለፈው ሰጥቼ ምራቅ ነው ብለው መለሱልኝ።

መልስ፦ እንዲህ ብለህ ብትጠይቀኝ ቅድምም እመልስልህ ነበር። ነገ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ አሞክሳሲሊን መውሰድህንም ንገራቸው። ጠዋት ስትነሳ፣ ምንም ሳትበላ አፍህን በውኃ ተጉመጥመጥ። ደጅ ውጣ፣ ሰው አጠገብህ አይኑር። በጥልቀት ተንፍስ፣ ያዘው፣ አውጣው። ይህን ሁለት ጊዜ አድርግ። በሦስተኛው ከደረትህ ጥግ ሳልና ዕቃውን ከከንፈርህ አስጠግተህ ትፋ። ወፈር ያለ መሆን አለበት። አረፋ ያለው ቀጭን ነገር ከሆነ ምራቅ ነው፣ ድገመው። ክዳኑን አጥብቀህ ግጠመው፣ እጅህን ታጠብ፣ ጸሐይ ላይ ሳታቆየው አድርስ።